ሲለኩት ብቻ የሚነቃ

ለእኅቱ የፈራውን ለሰው እኅት ያልፈራ ሰው ርኅሩኅ አይባልም። አደጋን ዐውቆ የራሱን ወገን ብቻ ከደጃፉ ገለል ያደረገና ደጃፉን ለሌላው ክፍቱን የተወ ሰው፣ «ክፉ አልሠራሁም» ብሎ ማምለጥ አይቻለውም፤ ለአንዱ ማስጠንቀቁ ለሁሉም ማስጠንቀቅ ይችል እንደ ነበር ያረጋግጥበታልና። ይህ እውነት ካልመሰላችሁ የሚከተለውን አንብቡ።

«እጄን እንዲህ አድርጌ ነው የማስገባው» አለች ልጅቱ በቁርስ ሰዓት ለእናቷና ለታላቅ ወንድሟ። የሻዩን ብርጭቆ ወዲያ ገፋ አድርጋ ግራ መዳፏን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በቀኝ እጇ ደግሞ የዳቦ ቢላዋውን ከመዳፏ በላይ ሰቅላ ያዘች። «ቆዳውን አነጥፋለሁ፣ እጄን አወጣለሁ፣ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ቢላዋው ዱብ! ድሮ የብረት መከለያ ነበረው፤ እሱን ሳናወርድ ማሽኑ ወይ ፍንክች። አሁን መከለያው ተነሥቶ በቦታው ብርሃን ገብቷል። እጅ ብርሃኑን ከነካው ቢላዋው ባለበት ቀጥ ነው። እማዬ፣ ክንዳችን እንዴት ዐረፈ መሰለሽ!»

«አንቺ ልጅ፣ ቢላዋውን አስቀምጪው» አሉ እናቷ። «ዳቦው እንኳ ዋጋው ጨምሮ መጠኑ እንዲህ አንሶ፣ ጣት ሊጨመርበት ነው?» ልጅቱ ከት ብላ ሣቀች፤ ታላቅ ወንድሟ ግን አልሣቀም። የተቆረሰውን ዳቦ በእጁ እንደ ያዘ ቢላዋውን ያይ ነበር። እኅቱ በከተማው ዳር ባለ ጫማ ፋብሪካ የጫማ ሶል ትቆርጣለች። ወንድሟ ደግሞ ያንኑ ማሽን አድሶ ብርሃኑን በገጠመው ድርጅት ውስጥ መርማሪ ነው። ማሽኑ ለእጅ የማያሰጋ መሆኑን ለክቶ ፈርሞ ያስረከበው እሱ ነበር። በሥራው ስሕተት ተገኝቶበት ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ቅጽል ስሙንም ከማዕረግ ቈጥሮ እንደ ካባ ደርቦት ይሄድ ነበር።

«ዛሬ አዲሱ ማሽን ላይ አትሥሪ» አላት ድንገት።

«ምነው ጋሼ?»

«ገና አልተለማመዳችሁትም። በአሮጌው ቆርጪ፤ ለጥቂት ቀን ነው።»

እኅቱ ቢላዋውን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አየችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በትምህርትም በኑሮም እሱ ያለውን ሳትመረምር መፈጸም ልማዷ ነበርና ትከሻዋን ሰበቀች። «ካልክ እሺ። ለሳቂታ እለቅላታለሁ። እሷ እንደሆነች አዲስ ነገር ካየች ማን ይመልሳታል! እስከ ዛሬም ተራ ከለከልሽኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው» አለችና የምሳ ዕቃዋን ልትቋጥር ተነሣች። ሳቂታ በፋብሪካው ከጎኗ የምትሠራ ጓደኛዋ ናት፤ ሚዛንም አንድ ሁለት ጊዜ ከዚህችው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ አይቷታል። አፉን ከፈተ። የከፈተውን አፍ በዳቦ ዘጋው። እናቱ ይህን ሁሉ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመው ተመለከቱ፤ ነገር ግን ልጃቸው እሳቸው የማያውቁትን ሥራ የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ ወደ ዕቃቸው ተመለሱ።

ሚዛን በታክሲው ሰልፍ ቆሞ መጠበቅ አልሆነለትም። ከሰልፉ ወጣ፣ ወደ ሰልፉ ተመለሰ፤ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቁንጫ ገብቶብሃል እንዴ?» ብለው ቀለዱበት። ከትናንት ወዲህ እንዲህ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ሙያውን በጥቂቱ መግለጥ ያስፈልጋል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ሥራዋ በሰከንድ ሺህ ጊዜ እየነቃች ብርሃኑ በእጅ ተጋርዶ እንደሆነ ማየትና ተጋርዶ ካገኘችው ቢላዋውን ማስቆም ነው። የሚያየው ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ «በዚህች ቅጽበት ቀስቅሰኝ» ብሎ ለከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሯን ሥራ ሁሉ በተራ ለሚያዘው የሥርዓቱ እምብርት፣ አደራ ሰጥቶ ይተኛል፤ ከርነሉም ጊዜ ቈጣሪውን አይቶ ይቀሰቅሰዋል። ቀስቅሰኝ በተባለበትና በእርግጥ በነቃበት ቅጽበት መካከል ያለችውን መዘግየት መለካት የሚዛን እንጀራ ነበር። በዚህ ሙያ አማካይ ቍጥር አይረባም፤ ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ አንዲት ሌሊት ያንቀላፋ ዘበኛ ቤት ያዘርፋልና። የሚፈለገው ከሁሉ የከፋችው መዘግየት ናት። እሷን ለመያዝ ሚዛን ኮምፒውተሯን በሥራ ያጨናንቃታል፤ ፋይል ያስገለብጣታል፣ በኔትወርክ ያጥለቀልቃታል፣ ያስጨንቃታል። ይህን ሁሉ አድርጎባት በሰዓቷ ነቃች። ፈረመ። ማሽኑም ባለፈው ሳምንት ወደ ፋብሪካው ተጫነ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ግን፣ በድርጅቱ ውስጥ ለእንግዳ ማሳያ ከተቀመጠው መንታ ማሽን ላይ ከላፕቶፑ የሚያዘውን የመለኪያ ፕሮግራም ዘግቶ የኦሲሎስኮፑን ሽቦ መንቀል ረሳ። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን ምት በመስመር እየሣለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሚዛን ላፕቶፑን ሊከት ሲል ዐይኑ ወደ መሣሪያው ስክሪን ሄደ፤ ኮምፒውተሯ በነቃች ቍጥር የምትሰጣቸው ምቶች እንደ ወታደር ሰልፍ ተስተካክለው መሄዳቸውን ትተው በመካከላቸው ትልቅ ባዶ ቦታ ታየ። መለኪያውን መልሶ ከፈተው፤ ሰልፉ ተስተካከለ። ዘጋው፤ ተበተነ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ለካስ የመለኪያ ፕሮግራሙ ልኩ እንዳይዛባበት፣ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ኮምፒውተሯን «ከባድ እንቅልፍ እንዳትተኚ» ብሎ ያዛታል። ትእዛዙም ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይሻራል። ይህን ሙያተኛ ሁሉ ያነበበው ነው፤ እሱም ድሮ አንብቦት ነበር። ስለዚህ ለቀናት የለካው የኮምፒውተሯን ትጋት ሳይሆን የገዛ መለኪያውን ቁጣ ኖሯል። ሥራ ሲበዛባት ትዘገይ እንደሆነ መረመራት እንጂ ሥራ ስትፈታ ምን ትሆን እንደሆነ አልጠረጠረም። ለብቻዋ ከተተወች፣ ማሽኑ ጥቂት ሲያርፍ፣ ክፉ እንቅልፍ ትተኛለች፤ ከዚያ እስክትነቃም ቢላዋው የጣትን ውፍረት ይወርዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ኮምፒውተሯ ስትነሣ እንቅልፉን የሚከለክል አንዲት መስመር ትእዛዝ ማስገባት ብቻ ነው። ሆኖም መስመሯን ለማስገባት ፋብሪካው ማሽኑን ማቆም አለበት፤ ፋብሪካው ማሽኑን እንዲያቆም ደግሞ አንድ ሰው «ተሳስቻለሁ» ማለት አለበት። ሚዛን ይህችን ቃል ተናግሯት አያውቅም። በዚህ ሳምንት የጥራት ክፍሉ ኃላፊ አድርገው ሊሾሙት ነበር። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ለጥገና ሲሄድ መስመሯን ቀስ ብሎ ሊያስገባት ወሰነ። እስከዚያው ደግሞ እኅቱን አርቋል። ይህን ሲያስብ ልቡ ዐረፍ ማለት ነበረበት፤ አላረፈም።

ድርጅቱ የሚገኘው ከጎማ መሸጫ በላይ ባለ ሰፊ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ መስኮቶቹ ለአቧራ የተዘጉ፣ ጠረጴዛዎቹ በሽቦና በብየዳ ፍርፋሪ የተሞሉ ናቸው። ሚዛን ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ መጡ። «ሚዛን፣ በሰዓቱ ደረስክ። የሌላ ፋብሪካ ሰዎች ማሽኑን ሊያዩ መጥተዋል። ያንን ቀጥ ያለ መስመርህን አሳያቸው፤ ምላስህንም ፈታ አድርግ።»

«ዛሬ እንኳ ባይሆን... መለኪያውን እንደገና ላየው ፈልጌ ነበር።»

«ምኑን ታየዋለህ? አንተ አይተኸው የለ?» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። መልስ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። እሱ ግን ላፕቶፑን አውጥቶ ከማሳያው ማሽን ጋር አገናኘ፤ መለኪያውንም ከፈተ። እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ወፍራምና ተጫዋች ሰው ቁጥሮቹን ለጥቂት ጊዜ ካየ በኋላ «ወረቀትና መስመር ለኛ ምን ይሠራል? አንተ ራስህ እጅህን ታስገባለህ?» አለው። ሥራ አስኪያጁ ሣቁ። ሁሉም ወደ ሚዛን ዞሩ። ሚዛንም እጅጌውን ሰበሰበ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ እጁንም ወደ ቢላዋው ሰደደ። ቢላዋው ከብርሃኑ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ወፍራሙ ሰውዬ «አቤት ወንድነት!» አለ። ሚዛን ግን ወንድነት እንዳልነበረ ያውቃል። መለኪያው ክፍት ነበር፤ መለኪያው ክፍት እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ጀግንነት ብሎ ያየውን እሱ በሒሳብ ሠርቶት ነበር።

እንግዶቹ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ቢሮ ሲገቡ የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈችው ባልደረባው ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። መነጽሯን በግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትናገር፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። «እኔ ብሆን በዱባ እሞክረው ነበር» አለችው። «ዱባ ቢቆረጥ ወጥ ይሆናል። ያንተ እጅ ለምን ይሆናል?»

«አንቺ ደግሞ!»

«ቀልዴን አይደለም። ላፕቶፑ ተነቅሎ ሞክረኸዋል? ፋብሪካው ቤት እኮ ላፕቶፕ የለም።»

«ተለክቶ አልፏል» አላት።

«ጥያቄዬን እኮ አልመለስክም።»

«ተለክቶ አልፏል አልኩሽ!» ድምፁ ከፈለገው በላይ ወጣ። ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ዐይኗ መልሳ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሚዛን አይመዘንም፤ ረስቼው ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። እሱም ከዚያ በኋላ በወንበሩ ላይ መርጋት አቃተው። ይነሣል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ሳይጠጣው ያስቀምጠዋል። ባልደረቦቹ ሁሉ ለምሳ ሲወጡ፣ እንግዶቹም ገና ቢሮ ውስጥ ሳሉ፣ ከማሽኑ ጋር ብቻውን ቀረና ላፕቶፑን ነቀለ። ማሽኑ እንዲያርፍ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ እርሳስ አንሥቶ ጫፉን ይዞ ፔዳሉን እየረገጠ ወደ ውስጥ ሰደደው። ቢላዋው ቆመ። በድጋሚ ጠበቀ፤ በድጋሚ ሰደደው፤ አሁንም ቆመ። እፎይ ሊል ነበር። በሦስተኛው ግን ግማሹ እርሳስ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ ቢላዋውም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ዘግይቶ የነቃ ይመስል ተመልሶ ቆመ።

ሚዛን ስልኩን አነሣና የፋብሪካውን ቍጥር መታ። የሚለውን በልቡ አዘጋጅቶ ነበር፤ «ማሽኑን አቁሙት፤ ልኩ ተሳስቷል፤ እየመጣሁ ነው።» ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ያነሣው የበሩ ጥበቃ ነበር።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፤ ማሽኑን ያስረከብኳችሁ።»

«አሃ! የብርሃኑ ጌታ! አቤት፣ ምን ልታዘዝ?»

በቢሮው መስታወት በኩል እንግዶቹ ሲሥቁ፣ ሥራ አስኪያጁም ወደ እሱ እያመለከቱ አንድ ነገር ሲናገሩ አየ፤ ስለ እሱ ደግ ነገር እንደሚናገሩ ከፊታቸው ተረዳ። «እኅቴ... እኅቴ የቱ ማሽን ላይ ናት?» አለ።

«ቆይ እስቲ ልይልህ።» ጥበቃው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ የማሽኖቹ ጩኸት ከሩቅ ይሰማ ነበር። ተመለሰ። «አሮጌው ላይ ናት። አዲሱን ያቺ ሳቂታ ይዛዋለች፤ ዛሬማ ሠርጓ ነው የሚመስለው! ምነው፣ ጠርቼ ላቀብልህ?»

«አይ፣ ተዋት። ደኅና መሆኗን ልጠይቅ ነው።»

«አንተስ ወንድም ነህ! የኔዎቹ ሞቼ እንኳ ቢሰሙ አይደውሉም» አለና ጥበቃው ዘጋው። ሚዛን ስልኩን በእጁ እንደ ያዘ ቆየ። የበሩ ጥበቃ የማሽን ነገር አይገባውም፣ ለእሱ መናገር ትርጉም የለውም፣ ከሰዓት በኋላ ለፋብሪካው ቆረጣ ክፍል ኃላፊ ብደውል ይሻላል ብሎ ራሱን አሳመነ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያለው ሰው እንጨቱን የሚሰደው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። እንግዶቹም ወጥተው ጨበጡት፤ ወፍራሙ ሰውዬ «እጅህ በሕይወት ስላለ ደስ ብሎኛል» ብሎ ደግሞ ቀለደ። ከሰዓት በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ አልደወለም። ሥራ አስኪያጁ ሹመቱን በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ሲነግሩት አመሰገነ፤ ያቺ ባለ መነጽር ሴት ግን አላጨበጨበችም።

ስልኩ የጮኸው ሠራተኞቹ ኮታቸውን መልበስ ሲጀምሩ ነው። እኅቱ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ቃላቷ አልያዝ አሉት፤ ሆስፒታል የሚለውን ብቻ ለየ። ከፎቁ ወርዶ ሮጠ፤ ታክሲ ሲያጣ በእግሩ ሮጠ፤ ሲደክመው ቆሞ ግድግዳ ያዘ፤ ደግሞ ሮጠ። በመንገዱ ሁሉ የሚያስበው «እሷ ናት የደወለችው፤ የደወለችው እሷ ከሆነች እሷ አይደለችም» የሚለውን ብቻ ነው። የእፎይታው ጣፋጭነት ራሱን አስደነገጠው።

በሆስፒታሉ መተላለፊያ ከድንገተኛ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እኅቱ በጫፉ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ የሳቂታ ሹራብ አለ። አጠገቧ የሳቂታ እናት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። እኅቱ ዐይኗን ከበሩ ሳታነሣ የሆነውን ነገረችው። ከሻይ እረፍት ተመልሰው ሳቂታ የመጀመሪያዋን ቆዳ አነጠፈች። ቆዳዋ ተንሻፈፈችባት፤ ፔዳሉን ከረገጠች በኋላ ልታቃናት እጇን ሰደደች። «ብርሃን አለ አይደል እያለች ነበር» አለች እኅቱ። «ጠዋት ስንጀምርም ሁለት ሦስት ጊዜ በሣቅ ሞክራው ቆሞላት ነበር።» ሐኪሞቹ አራት ጣቶቿን ማዳን አልቻሉም።

የሳቂታ እናት ቀና ብለው አዩት። «የሷ ወንድም ነህ አይደል? እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ሥራህን ጥለህ መጣህልን» አሉና እጁን ይዘው ሳሙት። ሚዛን እጁን ሊያወጣ ሞከረ፤ አልለቀቁትም። ብዙ ነገር ሊናገር ፈለገ፤ ነገር ግን እጁን የተሳመ ሰው እንዴት አድርጎ ይናዘዛል? ነርሷ ጠርታቸው እናትየው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ እኅቱ ሹራቡን በጉልበቷ ላይ ቀስ ብላ አጣጠፈችው።

«ጋሼ» አለች። «ጠዋት ለምንድን ነው አትሥሪ ያልከኝ?»

«አልኩሽ እኮ፤ ገና አልተለማመዳችሁትም ብዬ ነው።»

«እኔ ሳምንት ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ያልተለማመደችው እሷ ናት።»

ሚዛን በወለሉ ላይ ያለውን የጣውላ ስንጥቅ ተመለከተ። «እንዲሁ ነው፤ ልቤ ፈርቶ» አለ።

«ጥበቃውም ቀን ላይ ደወለልሽ ብሎኛል። ልብህ የፈራው ለኔ ብቻ ነው? እሷ ከኔ ጋር ሻይ ስትጠጣ አላየሃትም? እናትም አላት፤ አሁን እጅህን ሳሙህ።»

«እኅትዓለም» ብሎ ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እሷም ተነሣች፤ ሹራቡን ይዛ በመተላለፊያው ማዶ፣ በሩ ከሚዘጋበት ግድግዳ ሥር ሄዳ ቆመች። እዚያ ሆና እስከ ማታ ድረስ ወደ እሱ አልዞረችም።

በማግስቱ የፖሊስ መርማሪዎች ፋብሪካው ደረሱ። ባለ መነጽሯ ፕሮግራመር ማሽኑን ያለ መለኪያው በኦሲሎስኮፕ ፈተነችውና መዘግየቱን በፊታቸው አሳየች። ሚዛን ተከሶ ሲቀርብ፣ ይህ በማስረከቡ ጊዜ ያልታወቀ ጉድለት እንደ ነበረ፣ እሱም ከአደጋው በፊት ምንም እንዳልጠረጠረ ተናገረ፤ ሥራ አስኪያጁም ደገፉት። ክሱ በዚህ ሊዳከም ነበር። የበሩ ጥበቃ ግን ስለ ስልኩ ተጠይቆ የሰማውን ተናገረ፤ ከዚያም እኅቱ ሳትጠራ ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ ለምሥክርነት ቆመች፤ በቁርስ ሰዓት የተባለውን ቃል በቃል ሰጠች። እናታቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሆኖም ቃልሽን ለውጪ አላሏትም። ፍርድ ቤቱም ሚዛን አደጋውን እያወቀ በመደበቁ ሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ከእንግዲህም የማንኛውንም ማሽን ደኅንነት መርምሮ እንዳይፈርም ለዘለቄታው ከለከለው። አሁን ቅጣቱን እየፈጸመ ነው። እናቱ ይጠይቁታል። እኅቱ አንድ ቀንም አልሄደችም።